መውላና አቡል ከላም አዛድ፤ የሕንድ የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ለመምህር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ለተማሪዎቹ የሚነግረው ምሳሌ ማግኘቱ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን፣ እርሱ ራሱ በሥራው ላይ በየቀኑ የሚገጥመውን ችግር ሌላው ሰው በሰፊ አገርና በከባድ ዘመን እንዴት እንደ ተጋፈጠው ለማየት መቻሉ ነው። ይህን መጽሐፍ የሚያነቡ መምህራንና የትምህርት ቤት ሹማምንት ሁሉ የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። ይኸውም እምነታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ልጆች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲማሩ፣ መምህሩ የማንንም እምነት ሳያዋርድና የማንንም ሳያስበልጥ ሁሉን አስተካክሎ ሊያስተምር የሚችለው እንዴት ነው የሚለው ነው።

ይህ ችግር ከአንድ ክፍል አልፎ የአንድ ታላቅ አገር ችግር ሆኖ የታየው በሕንድ ነው። ሂንዱው፣ ሙስሊሙ፣ ሲኩ፣ ክርስቲያኑ፣ ጃይኑ፣ ቡድሂስቱና ፓርሲው በዚያች ምድር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት አብረው ኖረዋል። አገሪቱ ከእንግሊዝ አገዛዝ ተላቅቃ ሕዝቡ በድምፁ የሚመራበትን መንግሥት ለማቋቋም በተነሣች ጊዜ ግን፣ ሰው በሃይማኖቱ ይቆጠር ወይስ በዜግነቱ የሚለው ጥያቄ አገሪቱን ለሁለት እስከ መክፈል አደረሳት። በዚህ ክርክር መካከል ከቆሙት ሰዎች አንዱ መውላና አቡል ከላም አዛድ ናቸው። እኒህ ሰው የእስልምና ሃይማኖት ሊቅ ሲሆኑ፣ መንግሥት ለየትኛውም ሃይማኖት እንዳያደላ የደከሙ፣ አገሪቱም ነጻ ስትወጣ የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ከ10 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

አዛድ በ1888 በመካ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መውላና ኸይሩዲን ከሕንድ ወደዚያ የሄዱ የታወቁ የሃይማኖት ሊቅ ነበሩ፤ እናታቸውም የአንድ የመዲና ሊቅ ልጅ የሆኑ ዓረብ ናቸው። ልጁ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ ሕንድ ተመልሶ በካልካታ ተቀመጠ። በዚያም አባትየው ብዙ ደቀ መዛሙርት የሚከተሏቸው መምህር ሆኑ፤ ልጃቸውም በእርሳቸው ወንበር እንዲተካ ይመኙ ነበር። እንግሊዞች ያመጡት ዘመናዊ ትምህርት እምነትን ያጠፋል ብለው ይፈሩ ስለ ነበር ልጁን ወደ ትምህርት ቤት አልላኩትም። በቤት ውስጥ ራሳቸውና የመረጧቸው መምህራን ዓረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ሒሳብ፣ ሥነ አመክንዮና ፍልስፍና አስተማሩት። ሌሎች ከ20 ዓመት በላይ ሲሆናቸው የሚፈጽሙትን ይህን ትምህርት አዛድ በ16 ዓመታቸው ፈጸሙ። አባታቸውም የልጃቸውን ዕውቀት ለመፈተን 15 ያህል ተማሪዎች ሰብስበው ሰጧቸውና አስተማሯቸው። እንግዲህ አዛድ በመምህርነት ወንበር ላይ የተቀመጡት ገና በጉርምስናቸው ነው።

በዚሁ ዕድሜ ግን ልባቸው በጥያቄ ታወከ። ሃይማኖቶች ሁሉ ስለ አንድ እውነት የሚናገሩ ከሆነ ስለ ምን እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ? በአንድ ሃይማኖት ውስጥስ ስለ ምን ይህን ያህል ክፍልፋይ በዛ? ከአባታቸው የወረሱትን እምነት እንዳለ መቀበል አልቻሉም፤ ራሳቸው መርምረው እስኪያገኙት ድረስ ብዙ ዓመት በጥርጣሬ ኖሩ። አዛድ የሚለውን የብዕር ስም የመረጡትም በዚህ ጊዜ ነው፤ ትርጉሙ ነጻ ማለት ሲሆን፣ ከወረሱት ልማድ ሰንሰለት መላቀቃቸውን ለማመልከት ነው። እንግሊዝኛንም ያለ መምህር ተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ፣ በፋርስኛና በኡርዱ ገዝተው ሦስቱን ጎን ለጎን እያስተያዩ በማንበብ ቋንቋውን እንደ ለመዱ በኋላ ጽፈዋል። የሙስሊም ሊቅ ልጅ የክርስቲያኖችን መጽሐፍ እንደ መማሪያ አድርጎ የባዕድን ቋንቋ መማሩ ቀላል ነገር ቢመስልም፣ የሰውዬውን አእምሮ ከብዙ ንግግር ይልቅ የሚገልጥ ነው።

አዛድ ወደ ሕዝብ ጉዳይ በገቡበት ዘመን እንግሊዞች ሕንድን የሚገዙት ሕዝቡን በወገን በወገን እየከፈሉ ነበር። በ1905 የቤንጋልን ክፍለ አገር ለሁለት ከፈሉት፤ በአንደኛው ሙስሊሙ፣ በሁለተኛው ሂንዱው ይበዛ ነበር። በ1909 በወጣው የምክር ቤቶች ሕግ ደግሞ ሙስሊሞች ለብቻቸው የሚመርጡት ወንበር ተለየላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በዚያ ወንበር የሚወዳደረውም፣ ድምፅ የሚሰጠውም ሙስሊም ብቻ ነው። የዚህ ሕግ ምክንያት ቁጥሩ ያነሰው ወገን በሚበዛው እንዳይዋጥ መጠበቅ ነው ተባለ፤ ፍርሃቱም ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ዳሩ ግን አሠራሩ በውስጡ መርዝ ነበረው። ሙስሊሙ ተመራጭ የሂንዱ ጎረቤቱን ድምፅ ስለማይፈልግ እርሱን ለማስደሰት ምክንያት የለውም፤ ሂንዱው ተመራጭም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በየወገኑ የሚያሸንፈው ጎረቤቱን ይበልጥ የሚያስፈራና የራሱን ወገን ቁስል ይበልጥ የሚነካካ ሰው ሆነ። ከዚህ በኋላ በሕንድ የሆነውን ነገር ሁሉ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ይህን አሠራር ማስታወስ አለበት።

አዛድ በ1908 ወደ ኢራቅ፣ ወደ ሶርያ፣ ወደ ግብፅና ወደ ቱርክ ተጉዘው የነጻነት ትግል የያዙ ሙስሊሞችን አዩ። የሕንድ ሙስሊሞች ግን አብዛኞቹ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር መስማማትን እንደ መጠጊያ ቆጥረውት ነበርና ይህ አሳዘናቸው። ስለዚህ በ1912 በካልካታ አል ሂላል የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ በኡርዱ ቋንቋ አቋቋሙ። ጋዜጣው ሙስሊሞች ከሂንዱ ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ለአገራቸው ነጻነት እንዲነሡ የሚጠራ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በየሳምንቱ 26,000 ቅጂ ይሸጥ እንደ ነበር ራሳቸው ተርከዋል። መንግሥት በመጀመሪያ 2,000 ሩፒ፣ ቀጥሎም 10,000 ሩፒ መያዣ አስከፈላቸው፤ በመጨረሻም ማተሚያ ቤቱን ወረሰ። በ1916 ከካልካታ ተባረው በራንቺ በግዞት ተቀመጡ፤ እስከ 1919 መጨረሻም ድረስ በዚያ ቆዩ። በግዞት ሳሉም ሥራ አልፈቱም፤ በከተማይቱ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፣ የቁርኣንንም ትርጓሜ መጻፍ ያዙ።

ከግዞት እንደ ወጡ በጥር 1920 በዴልሂ ከማሃትማ ጋንዲ ጋር ተገናኙ። ጋንዲ ያለ ጦር መሣሪያ፣ ከገዢው ጋር ባለመተባበር መታገልን ሲያቀርቡ፣ አዛድ ሳያመነቱ ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በዚያን ጊዜ የሕንድ ሙስሊሞች የቱርክ ኸሊፋ ሥልጣን እንዳይነካ ይታገሉ ነበር፤ ጋንዲም ይህን ትግል ደገፉ፤ ሂንዱውና ሙስሊሙም ለጥቂት ዓመታት በአንድነት ቆሙ። ታሪክን በእውነት መጻፍ የሚፈልግ ግን የዚህን ዘመን ድካም መሸሸግ አይገባውም። የአንድነቱ መሠረት የአገር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት ስሜትም ስለ ነበረ፣ ስሜቱ ሲበርድ አንድነቱም ፈረሰ። በ1924 ቱርኮች ራሳቸው የኸሊፋውን ማዕረግ ሻሩት፤ በሕንድ ከተሞችም በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል ግጭት በረከተ። አዛድም ቢሆኑ በወጣትነታቸው ሙስሊሞችን ለነጻነት የጠሩት በሃይማኖት ቋንቋ ነበር። ሕዝብን በመስጊድ ቋንቋ ወደ አደባባይ የጠራ ሰው፣ ሌላው በዚያው ቋንቋ ሕዝቡን ወደ ተለየ መንገድ ሲጠራው ማገድ እንደሚቸግረው ከዚህ እንማራለን።

የአዛድ ታላቅነት ከዚህ ፈተና ተምረው አሳባቸውን ማስፋታቸው ነው። በ1921 መጨረሻ ታስረው አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። ከወጡም በኋላ በ1923 በዴልሂ የተደረገውን የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ልዩ ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ፤ በዚያን ጊዜ ገና 35 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ስለ ቁርኣን የጻፉት የትርጓሜ መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ሥራ ነው፤ ፖሊስ ቤታቸውን በፈተሸ ጊዜ ረቂቁ ስለ ጠፋባቸው እንደ ገና እስከ መጻፍ ደርሰዋል። በዚህ መጽሐፍ ያስተማሩት ዋና አሳብ የሃይማኖቶች ሁሉ ሥር አንድ መሆኑ፣ ልዩነቱ ግን በሥርዓትና በሕግ መሆኑ ነው። እንግዲህ መንግሥት ለሁሉም እኩል ይሁን ሲሉ የተናገሩት እምነታቸውን ወደ ጎን ትተው አይደለም። በጉርምስናቸው ላስጨነቃቸው ጥያቄ ከገዛ መጽሐፋቸው ያገኙት መልስ ነበር።

የሕይወታቸው ዋና ፈተና የመጣው በ1940 ነው። በመጋቢት ወር ኮንግረስ በራምጋር ሲሰበሰብ አዛድ ሊቀ መንበር ሆነው ንግግር አደረጉ። ሙስሊም በመሆናቸውና የ1,300 ዓመት የእስልምና ቅርስ ወራሽ በመሆናቸው እንደሚኮሩ፣ ከዚያው ጋር ሕንዳዊ በመሆናቸውም እንደሚኮሩና ከሁለቱ አንዱንም እንደማይለቁ አስረዱ። ሂንዱውና ሙስሊሙ በብዙ መቶ ዓመታት አብሮ መኖር ቋንቋቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ግጥማቸውንና ልማዳቸውን አንድ ላይ እንደ ሠሩ ተናገሩ። በቁጥር 80 ወይም 90 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብም ራሱን እንደ ደካማ አናሳ ቆጥሮ ሊፈራ እንደማይገባው ገለጡ። በዚያው ሳምንት በላሆር የተሰበሰበው የሙስሊም ሊግ ደግሞ በመሐመድ አሊ ጂና መሪነት ሙስሊሞች በሚበዙባቸው ክፍለ አገሮች የራሳቸው መንግሥት እንዲቋቋም ወሰነ። ስለ አንድ ሕዝብ ዕጣ ሁለት ተቃራኒ መልስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰጠ ማለት ነው።

ጂና አዛድን የሙስሊሞች ወኪል አድርገው ለመቀበል ፈጽሞ እምቢ አሉ። አዛድ ኮንግረስ ለታይታ ያቆማቸው ሙስሊም ናቸው በማለትም በአደባባይ ዘለፏቸው። በ1945 በሲምላ በተደረገው ጉባኤ የተነሣው ክርክር ከዚህ የመነጨ ነው፤ ሊጉ ሙስሊም ሚኒስትር የመምረጥ መብት የእኔ ብቻ ነው ሲል፣ ሙስሊም ሊቀ መንበር ያለው ኮንግረስ ይህን መቀበል አልቻለምና ጉባኤው ያለ ፍሬ ተበተነ። የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። በሃይማኖት ወገን የሚካሄድ ፖለቲካ የሌላውን ሃይማኖት ሰው ከሚጠላው ይልቅ በራሱ ሃይማኖት ውስጥ ሆኖ ሌላ አሳብ የያዘውን ሰው አጥብቆ ይጠላል፤ የዚያ ሰው መኖር ብቻውን ወገኑ ሁሉ አንድ አሳብ አለው የሚለውን አነጋገር ያፈርሰዋልና።

በዚህ መካከል አዛድ እንደ ገና ታስረው ነበር። በነሐሴ 1942 ኮንግረስ እንግሊዞች ሕንድን ለቀው ይውጡ የሚል ውሳኔ ባሳለፈ ማግስት ከጃዋሃርላል ኔህሩ፣ ከቫላብባይ ፓቴልና ከሌሎች መሪዎች ጋር ተይዘው በአሕመድናጋር ምሽግ ተዘጋባቸው። በዚያ ሳሉ ባለቤታቸው ዙለይኻ በካልካታ በጠና ታመሙ። አዛድ ባለቤታቸውን ሄደው ለማየት እንዲፈቀድላቸው መንግሥትን ለመለመን አልፈቀዱም፤ በሚያዝያ 1943 የሞታቸውን ወሬ በእስር ቤት ሰሙ። በምሽጉ ውስጥ ለአንድ ወዳጃቸው የጻፏቸው፣ ግን በፖስታ ሊላኩ ያልቻሉት ደብዳቤዎች በ1946 በመጽሐፍ ታትመዋል። ስለ ታሪክ፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሻይና ስለ ወፎች የሚናገሩት እነዚህ ደብዳቤዎች በኡርዱ ሥነ ጽሑፍ ከፍ ያለ ስፍራ አላቸው።

ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ለመውጣት ሲዘጋጁ ምርጫ ተደረገ። የመምረጥ መብት የነበረው ንብረት ወይም ትምህርት ያለው ክፍል ብቻ ነበር፤ ምርጫውም በዚያው በ1909 በተጀመረው አሠራር በየሃይማኖቱ የተከፋፈለ ነበር። ሊጉ በማዕከላዊው ምክር ቤት ለሙስሊሞች የተለዩትን 30 ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። አዛድ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ አገሪቱን ሳይከፍል የሙስሊሙን ፍርሃት የሚያበርድ አሳብ አቀረቡ። ይኸውም ማዕከላዊው መንግሥት መከላከያን፣ የውጭ ጉዳይንና መገናኛን ብቻ ይዞ የቀረው ሥልጣን ሁሉ ለክፍለ አገሮች እንዲሰጥ ነው። ይህ ቢሆን ሙስሊሙ በሚበዛበት ስፍራ ራሱን ያስተዳድራል፤ በሚያንስበትም ስፍራ ያለ ጠባቂ አይቀርም። ከሎንዶን የመጣው የሚኒስትሮች መልእክተኛ ቡድን በ1946 ያወጣው ዕቅድ ከዚህ አሳብ ጋር ይቀራረብ ነበር፤ ሊጉም ኮንግረስም በመጀመሪያ ተቀበሉት።

ነገር ግን አዛድ የኮንግረስን ሊቀ መንበርነት ለኔህሩ አስረክበው ነበር። ኔህሩም በሐምሌ 1946 በቦምቤይ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ኮንግረስ በዕቅዱ ሳይታሰር በሕገ መንግሥቱ ጉባኤ እንደ ወደደ ሊወስን እንደሚችል አስታወቁ። ሊጉ ይህን ምክንያት አድርጎ ስምምነቱን ሻረ፤ ነሐሴ 16 ቀንም የሰልፍ ቀን እንዲሆን አወጀ። በዚያን ቀን በካልካታ የተጀመረው እልቂት ብዙ ሺህ ሰዎችን ፈጀ። አዛድ ሊቀ መንበርነቱን በዚያን ጊዜ መልቀቃቸውን ከፖለቲካ ሕይወታቸው ስሕተቶች ሁሉ የከፋው አድርገው እንደሚቆጥሩት በመጨረሻ መጽሐፋቸው ገልጠዋል። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ጥፋቱ በአንድ ሰው ንግግር የመጣ አይደለም፤ የነበረው አለመተማመን ዕቅዱን ከመጀመሪያውም አያቆመውም ነበር ይላሉ። ይህም አሳብ ሚዛን የሚደፋ ነው።

በነሐሴ 1947 አገሪቱ ሕንድና ፓኪስታን ተብላ ተከፈለች። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ በእግሩ፣ በጋሪና በባቡር ድንበር ተሻገረ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰውም ተገደለ። የዴልሂ ሙስሊሞች ከቤታቸው ተባረው በአሮጌው ምሽግና በሁማዩን መቃብር ግቢ ተጠለሉ። በጥቅምት ወር አዛድ በዴልሂው ታላቅ መስጊድ ተነሥተው ለመሄድ የተዘጋጁትን ሙስሊሞች አነጋገሩ። ከዓመታት ጀምሮ እንዳስጠነቀቋቸውና እንዳልሰሟቸው አስታወሱ፤ ይህን ያሉት ግን ለመውቀስ ብቻ አልነበረም። ከተማይቱን አባቶቻቸው እንደ ሠሯት፣ ሽሽታቸው የተቀደሰ ስደት እንዳይደለ፣ ቆመው የአገሪቱ ዜጋ መሆን እንደሚገባቸው ነገሯቸው። ሲዘልፏቸው ለነበሩ ሰዎች በችግራቸው ቀን ጠበቃ ሆነው መቆማቸው ከሥራቸው ሁሉ የሚልቅ ይመስለኛል። በሕንድ የቀሩት ሙስሊሞች ከ30 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

እንግዲህ አዛድ የትምህርት ሚኒስትርነትን ሥራ የያዙት ዋናው የፖለቲካ ተስፋቸው ከፈረሰ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ያደጉት ሰው የአንድ ታላቅ አገር ትምህርት ቤቶች ሁሉ ኃላፊ ሆኑ። በ1951 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ100 ሕንዳውያን ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 18 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን በ1948 የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን፣ በ1952 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን የሚመረምሩ ኮሚሲዮኖች ተሰየሙ፤ በ1951 በካራግፑር የመጀመሪያው ታላቅ የቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተ፤ ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ የሚያከፋፍል ኮሚሲዮንም ተቋቋመ። የሙዚቃ፣ የሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ አካዳሚዎችም በ1953ና በ1954 ተመሠረቱ።

እኛን መምህራንን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ሃይማኖት በትምህርት ቤት ስለሚኖረው ስፍራ የተደረገው ክርክር ነው። በ1948 መጀመሪያ አዛድ ለአገሪቱ የትምህርት አማካሪ ቦርድ ሲናገሩ፣ ብዙ ሰው ከእርሳቸው ያልጠበቀውን አሳብ አቀረቡ። መንግሥት ሃይማኖትን ከትምህርት ቤት ፈጽሞ ቢያስወጣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሃይማኖት ማስተማር አይተዉም፤ ወደ ግል አስተማሪ ይልኳቸዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ዕውቀታቸው ጠባብ፣ ለሌላው ያላቸው ጥላቻ ግን ሰፊ ነው ሲሉ አስረዱ። ስለዚህ መንግሥት ዝም ከማለት ይልቅ ልብን የሚያሰፋ ትምህርት የሚሰጥበትን መንገድ ቢፈልግ ይሻላል የሚል ነበር አሳባቸው። ይህን የተናገሩት ጠባቡንም ሰፊውንም የሃይማኖት ትምህርት በገዛ ሕይወታቸው የቀመሱ ሰው እንደ መሆናቸው ነው።

በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ወጪው በሙሉ በመንግሥት በሚሸፈን ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት እንዳይሰጥ ከለከለ። መንግሥት በሚረዳው ትምህርት ቤት ማንም ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ የሃይማኖት ትምህርት እንዲከታተል አይገደድም፤ በሃይማኖቱም ምክንያት ከመግባት አይከለከልም። በሌላ በኩል በሃይማኖት ወይም በቋንቋ ቁጥራቸው ያነሰ ወገኖች የራሳቸውን ትምህርት ቤት አቋቁመው እንዲያስተዳድሩ መብት ሰጠ። አዛድ ውሳኔውን ተቀብለው በሥራ አዋሉት። በ1951 የአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲና የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሕጎች ሲሻሻሉ፣ የሃይማኖት ትምህርት ግዴታ ቀረ፤ የበላይ ጉባኤያቸውም ለሌላ እምነት ተከታዮች ተከፈተ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸውንና ቅርሳቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። በራዳክሪሽናን የሚመራው የዩኒቨርሲቲ ኮሚሲዮን ደግሞ የአዛድን ስጋት የሚመልስ የመካከል መንገድ አመለከተ። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የቡድሃን፣ የኢየሱስን፣ የመሐመድን፣ የናናክንና የሌሎች ታላላቅ የሃይማኖት ሰዎችን ሕይወት እንዲማር፣ ቀጥሎም ከየቅዱሳት መጻሕፍቱ የተመረጠውን እንዲያነብ መከረ። ይህ ለአንድ እምነት ማስገባት አይደለም፤ ጎረቤት የሚያምነውን ማወቅ ነው።

ያው ሕገ መንግሥት በየሃይማኖቱ የተከፋፈለውን የምርጫ አሠራር አስወግዶ፣ ዕድሜው ለደረሰ ወንድና ሴት ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጠ። አዛድ በ1952 ከራምፑር፣ በ1957 ደግሞ ከጉርጋኦን ተመርጠው የሕዝብ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በጉርጋኦን የሚበዛው መራጭ ሂንዱ ነበር። የአንድ ሰው መመረጥ የአገርን ቁስል አያድንም፤ ሆኖም በ1909 ሕግ ሊሆን የማይችል የነበረው ነገር በዚህ ጊዜ ተራ ነገር ሆኖ ታየ።

መውላና አዛድ በየካቲት 22 ቀን 1958 በ69 ዓመታቸው በዴልሂ አረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው ሕዝቡን ባነጋገሩበት ታላቅ መስጊድ አጠገብ ነው። ስለ ነጻነት ትግሉ ያስጻፉት መጽሐፍ በሚከተለው ዓመት ታተመ። 30 ያህል ገጽ ግን በፈቃዳቸው ታሽጎ ለ30 ዓመት ተቀመጠ፤ በ1988ም ተከፈተ። በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ሽልማት ከሞቱ በኋላ ተሰጣቸው፤ ከ2008 ጀምሮም የተወለዱበት ቀን፣ ኅዳር 11፣ በሕንድ የትምህርት ቀን ሆኖ ተሰይሟል። በሕንድ መንግሥት ከሃይማኖት ወገንተኝነት የተለየ ነው የሚለው ቃል በሕገ መንግሥቱ መግቢያ የተጻፈው በ1976 ነው፤ ስለ ቃሉ ትርጉም የሚደረገው ክርክር ግን ዛሬም አልበረደም።

የእኒህ ሰው ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል፤ ሂንዱውም ክርስቲያኑም በአንድ የመምህራን ክፍል ተቀምጠው የእኛን ልጆች ሒሳብና ሳይንስ አስተማሩ። ሃይማኖት የግል፣ አገር የጋራ የሚለው አነጋገርም በአገራችን የታወቀ ነው። የ1995 ሕገ መንግሥታችን መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንደሚሰጥ በአንቀጽ 11ና በአንቀጽ 90 ደንግጓል። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ከመምህሩ የሚፈለገው ምንድር ነው ቢባል፣ የአዛድ ሕይወት መልስ አለው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንደማስተምር መጠን፣ ዕጩ መምህራን ሁለት ዓይነት መንገድ ሲመርጡ አያለሁ። አንዳንዱ ጠብ እንዳይነሣ ፈርቶ ስለ ሃይማኖት ምንም ላለማንሣት ይወስናል፤ ሌላው ደግሞ ሳያስበው በምሳሌው፣ በቀልዱና በጥሪው የራሱን እምነት የክፍሉ ሁሉ እምነት ያደርገዋል። አዛድ ሁለቱንም አይቀበሉም ነበር። የመጀመሪያው ልጁን ከክፍል ውጭ ላለው ክፉ አስተማሪ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ያ አስተማሪ ይሆናል። በመካከል ያለው መንገድ ጠባብ ቢሆንም አለ። ይኸውም መምህሩ የራሱን እምነት ሳያፍርበት ጠብቆ፣ የተማሪዎቹን እምነት በሚገባ አውቆ፣ በዓላቸውን፣ ጾማቸውንና ስማቸውን አክብሮ፣ በፈተናና በሥነ ሥርዓት ጊዜ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን ነው።

የትምህርት ቤት ሹማምንትም ድርሻቸው ቀላል አይደለም። ተማሪዎችን በክፍል ሲመድቡ፣ አለቃ ሲያስመርጡ፣ መምህራንን ሲያዛውሩ በወገን መቁጠር የጀመሩ እንደ ሆነ፣ በ1909 በሕንድ የተዘራውን ዘር በራሳቸው ግቢ ይዘራሉ። ያ ዘር እስኪያፈራ 38 ዓመት ፈጅቷል፤ በአንድ የመምህር የሥራ ዘመን ውስጥ ማለት ነው። አዛድ ከእልቂቱ በኋላ የቀረላቸውን ዕድሜ ለትምህርት ቤት የሰጡት፣ በአደባባይ የተሸነፈው አሳብ በክፍል ውስጥ እንደ ገና ሊያድግ እንደሚችል ስላመኑ ነው። የእኛም ሥራ በዚያው ክፍል ውስጥ ነው።